ያልተመለሰው የእማዬ ደም

ባለፈው ዓመት እዚህ ፎል በሚሉት ወራት ነው፤ ቅጠሉ ረግፎ፣ በረዶው ገና ሳይመጣ። ነገሩ እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው፣ እናቴ ከተቀበረች በኋላ ስለ እናቴ አዲስ ነገር ይመጣብኛል ብዬ አስቤ ስለማላውቅ ነው። ሰው አንዴ አፈር ከለበሰ ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር የማምነው። አላለቀም።

ሉባባ እባላለሁ፤ የደሴ ልጅ ነኝ። ቶሮንቶ ውስጥ ቶርንክሊፍ ፓርክ የሚባል ሰፈር ካሉት ረጃጅም ፎቆች በአንዱ ነው የምኖረው። ሥራዬ የትምህርት ቤት ባስ መንዳት ነው። ባለቤቴ ጀማል ደግሞ ትራክ ይነዳል፤ ዊኒፔግ ደርሶ እስኪመለስ ቤቱን የምንጠብቀው እኔና ልጄ ሐያት ነን።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። እኔ ተጠራጣሪ ነኝ። ሰው ሳያውቀኝ ፈገግ ካለልኝ "ይሄ ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?" ነው የምለው። ጀማል "አንቺኮ የዝንብ ጠንጋራ ታውቂያለሽ" እያለ ይቀልድብኛል። ይቀልድ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው የሚባለው፤ እኔ ደግሞ መመንጠር አልፈልግም።

ቅዳሜ ነው። የሱብሒን ሶላት ሰግጄ ተመልሼ ጋደም ልበል ስል በሩ ተንኳኳ። ከታች ከሕንጻው መግቢያ ከሎቢ የደወለ የለም፤ ቀጥታ በሩ ነው የተንኳኳው። በዚህ ሰዓት ማነው ብዬ በቀዳዳው ሳይ ሃጂ ሰይድ ቆመዋል።

ሃጂ ሰይድ የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው። እኛ ወሎዬዎች ቅሬ የምንለው፣ ሰው ሲሞት የሚቀብረው፣ ሐዘንተኛ የሚያጽናናው ማኅበር ማለት ነው። ከጎናቸው እትዬ ዘሃራ ነጠላቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ከሁለቱ ኋላ ደግሞ አንዲት የማላውቃት ሴት አለች፤ ሽበት የወረሰውን ረጅም ጸጉሯን ጎንጉና ጀርባዋ ላይ ለቃዋለች። እጆቿን አጣምራ አንገቷን ደፍታለች።

እንግዲህ አበሻ ለሆነ ሰው ይህን ማስረዳት አይኖርብኝም። የእድር ሰብሳቢ አሮጊት አስከትሎ ጎህ ሲቀድ በር ካንኳኳ፣ መርዶ ነው። ሌላ ምንም ሊሆን አይችልም። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ወደ ሥራው ሳይበተን፣ ሽማግሌ ባለበት፣ በማለዳ ነው የሚነገረው። የማላውቃትን ሴትዮ ደግሞ በልቤ ፖሊስ አደረግኋት። የትራክ አደጋ ሲደርስ ቤት ድረስ መጥተው ይናገራሉ ሲባል ሰምቼ ነበር።

በሩን ከፈትኩና "አለቀልኝ! ጀማልዬ! ጀማልዬ ወንድሜ!" ብዬ እዚያው መሬት ላይ ተዘረጋሁ።

"ኧረ በአላህ ሉባባ! ማንም አልሞተም!" አሉ ሃጂ ሰይድ።

"እንዲህ ብላችሁ አይደል የምትጀምሩት! 'ትንሽ አሞት ነው' በሉኝና ጨርሱት!"

"የሞተ የለም እኮ ነው የምልሽ! ወላሂ የለም!"

ጎረቤት በር በሩን ከፈተ። ፊት ለፊታችን ያሉት አፍጋናዊት ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረውኝ ማልቀስ ጀመሩ። እትዬ ዘሃራ ሊያነሱኝ ጎንበስ ሲሉ እሳቸውም አለቀሱ። ሐያት በፒጃማዋ እየሮጠች መጣችና "ማም! ዋት ሃፕንድ?" ትላለች። "አባትሽን ኮል አድርጊው!" አልኳት።

ጀማል በእንቅልፍ ድምፅ አነሳ። "ሄሎ? ምን ሆናችሁ?"

"አንተ ነህ?"

"እና ማን ይሁንልሽ?"

ዘንድሮ ደግሞ የሰው ድምፅ በኮምፒውተር እየሠሩ ሰው ያታልላሉ ይባላል። "ስንጋባ የለበስኩት ቀሚስ ቀለሙ ምን ነበር?" አልኩት።

"ነጭ?" አለ።

"አረንጓዴ ነበር!"

"እኔ ምን አውቄ ሉባባ፣ ተኝቼኮ ነው!"

"አልሐምዱሊላህ፣ እሱ ራሱ ነው" ብዬ ስልኩን ለሐያት ሰጠኋት።

ከዚያ ደግሞ ንዴቱ መጣ። "እንግዲያ ምን ሆናችሁ ነው በዚህ ሰዓት ሰው የምትገድሉት?" አልኳቸው። ሃጂ ሰይድን እንዲህ ተናግሬያቸው አላውቅም። እሳቸውም እንደ ልጅ አፈሩ።

ነገሩ ለካ እንዲህ ነው። ሴትዮዋ ወደ እሳቸው ሄዳ፣ "ስለ ሞተ ሰው ከባድ ነገር ለቤተሰቡ ሲነገር፣ በእናንተ ዘንድ ወጉ እንዴት ነው?" ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ወግ አዋቂ ናቸውና አንድ በአንድ አስረዷት፤ በስልክ አይሆንም፣ ሽማግሌ መኖር አለበት፣ ቤት ድረስ ተሂዶ በማለዳ ነው አሏት። እሷም "እንደ ወጋችሁ እናድርግ" አለች። "ወጉን ሳስተምራት" አሉኝ ሃጂ፣ "ወጉን አይተሽ ምን እንደምታስቢ ጨርሶ ረሳሁት።"

ሴትዮዋ ስትገባ ሳልነግራት ጫማዋን አወለቀች። ማርሊን ትባላለች። ከዚህ አገር የጥንት ባለቤቶች፣ ኢንዲጂነስ ከሚባሉት ናት፤ አገሯ ከቶሮንቶ ወደ ሰሜን ሙሉ ቀን ይነዳል። እኔ ልጆቹን ከማደርስበት ትምህርት ቤት በየማለዳው "ይህ መሬት የእነ እገሌ ነው" ተብሎ የሕዝቦቹ ስም በድምፅ ማጉያ ሲነበብ እሰማለሁ። በዚህ ሁሉ ዓመት ግን ከመካከላቸው አንድ ሰው ቤቴ ገብቶ አያውቅም። ቤቴ የገባችውም ጸሐይ ሳትወጣ፣ ልቤን ቀጥ ልታደርገው ነው።

"ስላስደነገጥኩሽ በጣም አዝናለሁ" አለችኝ። "የመጣሁት ስለ እናትሽ ነው።"

"እናቴ ከሞተች ቆየች" አልኳት።

"አውቃለሁ። ደሟ ግን አሁንም አለ።"

እትዬ ዘሃራ "ሱብሃነላህ" አሉ።

እማዬ በሕይወት ሳለች፣ እዚሁ ቶርንክሊፍ ካለ አንድ አዳራሽ ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ሰዎች የስኳር በሽታ ጥናት ነው ብለው የሰው ደም ወስደው ነበር። ሳንድዊች ነበር፣ ጁስ ነበር፣ ፈገግ የሚሉ ልጆች ነበሩ። እማዬ ከጎረቤቶቿ ጋር ሄዳ ሰጠች። እማዬ በጥሩ አፍ የጠየቃትን ሰው እምቢ ማለት አታውቅም። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ማታ ስገባ ክንዷ ላይ ፕላስተር አየሁና "ምንድን ነው?" ስላት "መልካም ልጆች መጥተው" አለችኝ።

ማርሊን እንደነገረችን፣ ያ ጥናት አልቋል። ደሙ ግን በፍሪዘር ተቀምጧል። አሁን ዩኒቨርሲቲው ደሙን ለአንድ የመድኃኒት ኩባንያ፣ ለሌላ ጥናት ሊሰጠው አስቧል። እዚያው ፍሪዘር ውስጥ የማርሊን ሕዝቦችም ደም አለ። የእሷ ሕዝብ ደግሞ የራሱ ሸንጎ አለው፤ ማንም ተመራማሪ መጀመሪያ እሱን ሳይጠይቅ ምንም ማድረግ አይችልም። እሷ ከሸንጎው አባላት አንዷ ናት። ጥያቄው ሲመጣ "የእኛን አትሰጡም፣ መልሱልን" አሉ። ከዚያ "ሌላውስ የማን ነው?" ብለው ጠየቁ። ከሌላውም ብዙው የእኛ ሰው ደም ሆኖ ተገኘ። "እነሱ ሳይጠየቁ ምንም እንዳታደርጉ" ብለው ዩኒቨርሲቲውን ያዙት። ዩኒቨርሲቲውም ደም የሰጡትን ሰዎች ስም ከመዝገቡ አውጥቶ ሰጣቸው፤ ያንን ዝርዝር ይዛ ነው ሃጂ ሰይድ ዘንድ የሄደችው።

ይህን ሁሉ በእርጋታ ነው የነገረችን። እኔ ግን እርጋታዋ ራሱ አስጠረጠረኝ።

"ለምን ዩኒቨርሲቲው ራሱ አልመጣም?" አልኳት።

"ይመጣሉ። እነሱ መጥተው ከማግባባታቸው በፊት እናንተ አውቃችሁ እንድትጠብቋቸው ብለን ነው።"

"እና አንቺ ምን ታገኛለሽ?"

"ምንም።"

"ምንም የማያገኝ ሰው ከዚያ ድረስ ነድቶ አይመጣም።"

ሃጂ ሰይድ "ሉባባ!" አሉ። ማርሊን ግን አልተቆጣችም። "እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ይህንኑ እጠይቅ ነበር" አለች። የቀረበላትን ሻይ ጠጥታ፣ ለጥያቄዬ ግን በቂ መልስ ሳትሰጠኝ ሄደች። ምን ልታስፈርመኝ ነው እያልኩ ስጠብቅ ምንም ሳታስፈርመኝ መሄዷ ደግሞ ይባስ አሳሰበኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። እማዬን ያጠቧት፣ የገነዟት፣ የሰገዱባት ሰዎች በዓይኔ ይመጣሉ። ሙሉ ሆና የሄደች መስሎኝ ነበር። ለካ ከፊሏ ከተማው ውስጥ በረዶ ላይ ቁጭ ብሏል፤ እኔም ምናልባት በባሴ በአጠገቡ ሳልፍ ከርሜያለሁ። ሃጂ ሰይድ ኢማሙን ጠይቀው መጡ። "ከሰው የተለየ ነገር ክብሩ መቀበር ነው" አሉኝ።

ሐያት ግን በዚህ አልተስማማችም። እሷ እዚሁ ያደገች ናት፤ ስትናደድ እንግሊዝኛ፣ ስታባብለኝ አማርኛ ትናገራለች። "ማም፣ አያቴኮ ለሰው የሚጠቅም ከሆነ ውሰዱት ነበር የምትለው። ዩ ኖው ዛት" አለችኝ።

"አውቃለሁ። ብትጠየቅ ትሰጥ ነበር። ብጠየቅ እኔም እሰጥ ይሆናል። ማን ጠየቀን?"

"አሁን እየጠየቁ አይደል?"

"ሰው አስገድዷቸው ነው" አልኳት።

እንዲያውም ሐያት ናት ነገር ያመጣችብኝ። ስለ ማርሊን ኢንተርኔት ላይ ፈልጊልኝ ብያት ስትፈልግ አንድ ፎቶ አገኘች። ማርሊን የጥናቱ ባለቤት ከሆነው ፕሮፌሰር ጎን ቆማ፣ ሁለቱም እየሳቁ። "ይኸው!" አልኩ። "ጠርጥር፣ ከገንፎም መሃል አይጠፋም ስንጥር!" ሐያት "ማም፣ ኮንፈረንስ ላይ እኮ ነው፣ ሁሉም ሰው ፎቶ ይነሳል" ብትለኝ ማን ይሰማታል።

ሃጂ ሰይድ የእድሩን ጠቅላላ ጉባኤ ጠሩ፤ ማርሊንም ፕሮፌሰሩም እንዲመጡ ተነገራቸው። ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ በምንከራየው አዳራሽ፣ እሑድ ከሰዓት። በዚያ ጥናት ዘመድ ዘመዱ ደም የሰጠ ሁሉ መጣ፤ ከከተማው ሌላ ጫፍ ከዌስተን ድረስ የመጡ አሉ። ጀማልም ያን ሰሞን እዚሁ ነበረና አብሮኝ መጣ።

ፓርኪንጉ ላይ መኪና ስናቆም ማርሊንንና ፕሮፌሰሩን አየኋቸው። ፕሮፌሰሩ ከመኪናው ኋላ አንድ ነጭ ሳጥን አወጣና ለማርሊን ሰጣት፤ ለጉዞ መጠጥ የሚቀዘቅዝበት ዓይነት ሳጥን። እሷም በሁለት እጇ ተቀበለችው፣ የሆነ ነገር ተባባሉና ሳቁ፣ ተጨባበጡ።

"አየህ?" አልኩት ጀማልን። "ተሸጥን።"

"ምን ተሸጥን፣ ሳጥን ነው የሰጣት።"

"ሳጥኑ ውስጥ ምን አለ?"

"እኔ ምን አውቄ? የቀሚስሽን ቀለም ያላወቅሁ ሰው!" አለኝ። በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

ስብሰባው በዱዓ ተጀመረ። ፕሮፌሰሩ ኮምፒውተሩን ከግድግዳው ጋር አገናኝቶ ስዕል ሊያሳየን ሲነሳ፣ ሃጂ ሰይድ በአክብሮት "ስዕሉ ይቆየን ልጄ፤ እንግዳ የሚናገረው ባለቤቶቹ ተናግረው ሲጨርሱ ነው" አሉት። በእድራችን ሥርዓቱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሽማግሌዎች፣ ከዚያ ሐዘኑ የሚመለከታቸው፣ ከዚያ ሌላው፤ የሚናገር ሰው ቃሉ አይቋረጥም። ፕሮፌሰሩ ቶሎ ጨርሶ ሊሄድ አስቦ ነበር መሰል ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። ሐያትና ሌላ ልጅ እየተቀያየሩ ይተረጉሙለታል።

ማርሊን ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ነጩን ሳጥን መሬት ላይ አላስቀመጠችውም፤ ጭኗ ላይ ይዛዋለች። ስብሰባው ሲረዝም፣ ሰው ሻይ ሊቀዳ ሲነሳ፣ እሷ አልተነሳችም። አንዴም አልተናገረችም። እኔ ግማሽ ጆሮዬን ለተናጋሪው፣ ሁለቱን ዓይኔን ለሳጥኑ ሰጥቼ ነው የቆየሁት።

ተራዬ ሲደርስ ስለ እማዬ መናገር ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ስለ እናቴ ከመናገሬ በፊት፣ ያቺ ሴት አንድ ነገር ትመልስልኝ" አልኩ። "ማለዳ ቤቴ መጥተሽ ተጠንቀቁ አልሽን። ዛሬ ደግሞ ከሰውዬው ጋር ስትስቂና ሳጥን ስትቀበዪ አይቼሻለሁ። ምንድን ነው የሰጠሽ? እዚህ ሁሉም ሰው ፊት ክፈችውና እንየው!"

ጀማል እጄን ጎተተኝ፤ አስለቀቅሁት። ሐያት ንግግሬን ለማርሊን በእንግሊዝኛ ልትተረጉምላት አፈረች። እኔው ራሴ ደገምኩላት።

ማርሊን ቀስ ብላ ተነሳች። "ልከፍተው አልችልም" አለች። "አክስቴ ናት።"

ሳጥኑን ደረቷ ላይ አስጠጋችው።

"እኔን ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ደሟን ነው የሰጡኝ፤ ዛሬ ነው የለቀቁልኝ። ከዚህ ስወጣ ወደ አገሯ ይዣት እነዳለሁ፤ ሰዎቻችን እየጠበቋት ነው። ለስብሰባችሁ እመጣለሁ ብዬ ለሃጂ ቃል ሰጥቼ ስለነበር ቆየሁ። መኪና ውስጥ ብቻዋን ልተዋት ደግሞ አልቻልኩም።" ከዚያ ወደ ፕሮፌሰሩ እያየች፣ "ይህን ሰው ለዓመታት ስጨቀጭቀው ኖሬያለሁ። ዛሬ ሰጠኝ። ከሰጠኝ በኋላ አልስቅ?" አለች።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ያን ሁሉ ሰዓት ሬሳ ታቅፋ ነው ለካ የእኛን ንግግር ስታዳምጥ የቆየችው።

እትዬ ዘሃራ "ኢና ሊላሂ" ብለው ተነሡ። ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ ቢሆንም ወንበሩን ሁሉ አልፈው እስከ በሩ ሄዱ። ነጠላቸውን አውልቀው ሳጥኑን አለበሱትና ከማርሊን ጎን ተቀመጡ። አዳራሹ በሙሉ ተነሥቶ ቆመ። ፕሮፌሰሩም ኮምፒውተሩን ዘግቶ ቆመ።

እኔም እንደቆምኩ ነኝ። ንዴቴ አልጠፋም፤ አድራሻው ነው የተለወጠው። ወደ ፕሮፌሰሩ ዞርኩ።

"እናቴ ደም ከሰጠች በኋላ ምን ትለኝ እንደነበር ታውቃለህ?" አልኩት። "'እነዚያ ልጆች መልሱን አላመጡም?' ትለኝ ነበር። ውጤቱን እንነግርሻለን ብለዋታል። ይመጣሉ እማዬ፣ እላታለሁ። ኩላሊቷ ደክሞ ሆስፒታል ከተኛች በኋላ እንኳ ጠይቃኛለች። መልሱን ስትጠብቅ ነው የሞተችው። የእናቴ መልስ ምን ነበር?"

ፕሮፌሰሩ መነጽሩን አወለቀ። በትሕትና ነው የተናገረው፣ አልዋሽም። የሰው ምስጢር እንዳይወጣ ሲባል ስሙ ከደሙ ተለይቶ ነው የሚቀመጠው፤ ደሙ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው፤ ስለዚህ የትኛው ውጤት የማን እንደሆነ የሚያየው ሠራተኛ አያውቅም ነበር አለ።

"እሺ" አልኩት። "እኔን እንዴት አገኛችሁኝ?"

"ከመዝገቡ ላይ" አለ።

"ደሟን ለኩባንያ ልትሰጡ ስትፈልጉ ስሟ ተገኘ። የልጇ ቤት ሳይቀር ተገኘ። መልሷን ስትጠብቅ ግን ስሟ ጠፋባችሁ?"

ሐያት ይህን ስትተረጉም ቃሌን አላለሳለሰችም። ከእኔ ወገን መሆኗን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ፕሮፌሰሩ "ለዚህ ጥሩ መልስ የለኝም" አለ።

ሃጂ ሰይድ ጉባኤውን ጠይቀው ወሰኑ። ከእኛ ሰው አንድም ጠብታ ወደ ኩባንያው አይሄድም። የየቤተሰቡን ነገር ቤተሰቡ ራሱ ይወስናል፤ መስጠት የፈለገ ይስጥ፣ መውሰድ የፈለገ ይውሰድ፤ በዚህ እድሩ አያዝዝም። ከሁሉ በፊት ግን መልስ የሚጠብቅ ሁሉ መልሱን ያግኝ። ከእንግዲህም ለጥናት የሚመጣ ሰው መጀመሪያ እድሩ ፊት ይቀርባል። ፕሮፌሰሩ ተስማማ። እኔ ከልቡ ይሁን አይሁን አላውቅም።

ማርሊን ልትሄድ ስትነሳ፣ ሃጂ ሰይድ "የሞተ ሰው ይዞ ብቻውን የሚሄድ የለም" አሉና ሁላችንም ተከትለናት ወጣን። ዳንፎርዝ ላይ የሚያልፈው ሰው ምን ሆነው ነው እያለ ያየናል። ሳጥኑን ከፊት ወንበር አስቀምጣ ቀበቶ አሰረችለት። ይቅርታ ልጠይቃት ተጠጋሁ።

"በስብሰባ መሃል ማንም እንደ አንቺ አፋጥጦኝ አያውቅም" አለችኝ። "እኛ ጋ ሸንጎ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ትመረጪ ነበር።" አቅፌያት አለቀስኩ።

ፕሮፌሰሩ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቤቴ መጣ፤ በኢሜይል አልላከውም፣ ያን ያህል ተምሯል። ቴምር አቀረብኩለት። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ እማዬ ደም በሰጠች ጊዜ ስኳሯ ከፍተኛ እንደነበር ነገረኝ። ያኔውኑ ሐኪም ማየት ነበረባት። እኛ ያወቅነው ኩላሊቷ ከተጎዳ በኋላ ነው።

"ያኔ ቢነገራት ትድን ነበር?" አልኩት።

"አላውቅም" አለኝ።

ከተናገረው ሁሉ ሳልጠራጠር የተቀበልኩት ይህንን ብቻ ነው።

እማዬ ደግ ነበረች፤ ብትጠየቅ ሰጥታ፣ ላልመለሱላትም ይቅር ብላ ነበር የምትሄደው። እኔ እሷን አይደለሁም። "የእናቴን መልሱልኝ" አልኩት። ሐያት አጠገቤ ነበረች፤ እጄን ያዘችኝ።

በወጋችን ሴት ቀብር ላይ አትቆምም። እኔ ግን ሄድኩ፤ እትዬ ዘሃራም ተከተሉኝ፤ ሃጂ ሰይድም አይተው እንዳላዩ ሆኑ። ብልቃጧ የጣቴን ያህል እንኳ አትሆንም። ጀማል ከእማዬ መቃብር ላይ አፈሩን በእጁ ገለጥ አድርጎ አስገባት። ማርሊን ከአገሯ ነድታ መጥታ ከእትዬ ዘሃራ ጎን ቆማለች።

ሰው ወደ መኪናው ሲመለስ እኔ ቀረሁ። ተንበርክኬ "እማዬ፣ ልጆቹ መልሱን አመጡ" አልኳት። "ስኳር ነበረብሽ።"

ብዙ ሰው "አሁንስ እፎይ አልሽ?" ይለኛል። አላልኩም። በፍሪዘሩ ሌላ ብልቃጥ አለመቅረቱን በምን አውቃለሁ? አሁንም እጠራጠራለሁ፤ ዕድሜ ልኬን ስጠራጠር እኖራለሁ። ንዴቴም አልወጣልኝም። እማዬ ግን ከእንግዲህ መልስ አትጠብቅም።